የታዋቂ ዘፋኝ ልጅ እያሳደግኩ ነው፤ ለገና ቲቪ ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር?

የጠባሴዋ አክስት፦

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የእህቴን ልጅ አሳድጋለሁ። የአባቱን ስም ብጠራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አልጠራውም። ዘፋኝ ነው። ሰርግ ቤት እሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ እሱ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እሱ። እህቴ ከሱ ከተለያየች በኋላ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄደች፣ ልጁ በሕፃንነቱ እኔ ጋ ቀረ። አሁን 15 ዓመት ሞልቶታል፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ደህና ነበር። ሰፈሩም የማን ልጅ እንደሆነ ይሄን ያህል አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲቀይር ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ስም ጥሪ ላይ የአባቱ ስም ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ዞር ይላል። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው የአባቱን ዘፈን ይከፍትና «ለልጁ ይሁንልን» ይባላል። ፈተና ሲወድቅ «አባቱ እያለለት ምን ያስጨንቀዋል» ይሉታል፣ ሲያልፍ ደግሞ «መምህሩ የአባቱ አድናቂ ስለሆነ ነው»። ለጫማ የሚሆን ብር የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? አባትየው የሚልከው ሲመቸው ነው፣ የላከ ጊዜም በሰው እጅ ነው።

አሁን ከክፍል ይቀራል። ማታ ሲገባ አረቄ አረቄ ይሸታል። ላናግረው ስል «ምንም አልሆንኩም» ይልና ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ባለፈው ክፍሉን ሳጸዳ ደብተሩን አየሁት። ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም በጥሩ እጅ ጽፏል፣ የአባቱን ስም ግን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በእስክሪብቶ ፍቆታል። ሌሎቹንም ገልጬ አየሁ። ሁሉም ደብተር ላይ እንዲሁ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ከአባቱ ወገን ስልክ ተደወለ። የገና ፕሮግራም ሊቀረጽ ነው፣ ልጁ ድንገት ወጥቶ አባቱን ያቅፋል፣ አብረው አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ። ልብስ ሁሉ ልከዋል። ልጁን አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ አየዋለሁ፣ በነጋታው ስልኩን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ዘመድ ሁሉ «ዕድሉን አትዝጊበት» ይለኛል። የኔ ልብ ግን እምቢ አለኝ።

ድሩ ባሪሞር ስለምትባል አሜሪካዊት ተዋናይት ሳነብ ነው ይሄን ልጻፍ ያልኩት። እሷም ከዝነኛ ቤተሰብ ተወልዳ ገና በልጅነቷ ብዙ ተንገላታለች። እንዲህ ያደገ ወይም ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ። ሸንኮራ ዮሐንስ ወስጄዋለሁ፣ ጸበሉ ጋ በነበርንበት ጊዜ ተመስገን ሰላም ነበረው። ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ያው ክፍል፣ ያው ሚኒ ሚዲያ ነው።

ሰላድንጋይ፦

አይዞሽ እህቴ። የድሩ ባሪሞርን ታሪክ ብዙ ሰው «ዝና አበላሻት» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ስለ ፊልም ሰዎች ማንበብ እወዳለሁና ትንሽ ዘርዘር ላድርግልሽ፣ ምክንያቱም ላንቺ የሚጠቅምሽ ዝርዝሩ ውስጥ ነው ያለው።

ነገሩ የጀመረው እሷ ሳትወለድ ነው። አያቷ ጆን ባሪሞር በዘመኑ ስመ ጥር የመድረክና የፊልም ተዋናይ ነበር። ወንድሙ ላየነልና እህቱ ኤተልም እንደዚያው። ያ ሁሉ ችሎታ እያለው መጠጥ ጎዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በ60 ዓመቱ ሞተ። አባቷም ተዋናይ ሆነ፣ እሱም መጠጥ አልለቀው አለ፣ ከልጁም ራቀ። እሷ በ1975 ተወለደች። ዓመት ሳይሞላት ማስታወቂያ ሠራች። በ1982 ስፒልበርግ የሚባለው ታዋቂ ዳይሬክተር በሠራው «ኢ.ቲ.» በተሰኘ ፊልም ላይ ስትወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ዓለም ሁሉ አወቃት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ በይ። እናቷ ሥራ አስኪያጇም ነበረች። ያቺን ትንሽ ልጅ ኒው ዮርክ ውስጥ አዋቂዎች ወደሚጨፍሩበት ክበብ ይዛት ትሄድ ነበር። ልጅቷ 13 ሳይሞላት መጠጥም አደንዛዥ ዕፅም ጀመረች። በ13 ዓመቷ የሕክምና ተቋም ገባች። በ14 ዓመቷ ፍርድ ቤት ከወላጅ ሥልጣን ነፃ አወጣትና ለብቻዋ መኖር ጀመረች። ሁሉም «አለቀላት» ያላት ልጅ ግን በ1995 ከጓደኛዋ ጋር የፊልም ድርጅት አቋቋመች፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የራሷን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ትመራለች። ስለ ተቋሙ ስትጠየቅ፣ ከባድ ነበር ግን ሥርዓት ያገኘሁት እዚያ ነው፣ ያስፈልገኝም ነበር ስትል ተናግራለች። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በሰዓቱ ተኚ፣ በሰዓቱ ተነሺ፣ ይሄ አይሆንም የሚላት ሰው ለማግኘት ተቋም መግባት ነበረባት። እናት ሥራ አስኪያጅ ስትሆን፣ ልጅ የደከመው ዕለት ለማን ነው የሚናገረው?

ስለዚህ ለደወሉልሽ ሰዎች የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ለልጁ ብሎ የሚቆም ማን ነው? አዘጋጁ ለፕሮግራሙ ነው። አባትየው ለስሙ ነው፣ ቢያንስ በዚያች ሰዓት። ተመልካቹ እንባውን ጠርጎ ዶሮውን ይበላል። ልጁ ግን በማግስቱ ያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ አሁን ደግሞ አገር ሁሉ መልኩን አውቆት።

ስለ ገንዘቡም ዝም አትበይ። ጃኪ ኩገን የሚባል በ1920ዎቹ አሜሪካን ያነጋገረ ሕፃን ተዋናይ ነበር። አድጎ ገንዘቤ የት ነው ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት አገኘው፣ ከሰሳቸው። ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ እዚያ ሕፃን ተዋናይ ከሚያገኘው 15 በመቶው በራሱ ስም ይቀመጣል፣ ወላጅ አይነካውም። ለልጁ ክፍያ አለ ካሉሽ በማን ስም፣ በየትኛው ሒሳብ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ደብረ ሲና፦

እኔ አልስማማም። ሥጋው ነው! ልጅ አባቱን ይናፍቃል። መስታወት ፊት የሚለማመደው ስለሚናፍቀው አይደለም እንዴ? እኔ ያለ አባት ነው ያደግኩት፣ አንድ ቀን ቢጠራኝ በባዶ እግሬ ጣርማ በርን ወጥቼ እሄድለት ነበር። ሂድ በይው። ባይመቸው ይመለሳል። ከከለከልሽው ደግሞ ነገ «አባቴን ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ» ይልሻል።

የጠባሴዋ አክስት፦

ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል፣ የኔም ጭንቀት እሱ ነው። ግን አባቱ አልደወለም። የደወለው የአባቱ ዘመድ ነው፣ ሥራውን የሚያስተባብርለት። ልጁም ጠይቆኛል፣ «እሱ ራሱ ነው ና ያለኝ?» ብሎ። ምን ልበለው?

ደብረ ሲና፦

እንደዚያ ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አባቱ ራሱ ይደውል። ከዚያ ደብረ ብርሃን ይምጣ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ተነስቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ካሜራ የሌለበት ቦታ ቁጭ ብለው አብረው ምሳ ይብሉ። መጀመሪያ እሱ ይሁን።

የባለማሲንቆው ልጅ፦

እታለም፣ እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ። አባቴ አዝማሪ ነበር፣ አያቴም እንዲሁ። በቴሌቪዥን አይታወቁም፣ ግን ከዓለም ከተማ እስከ እንሳሮ ሰርግ ያለ እነሱ አይደገስም ነበር። በአገራችን ልክ እኛም የታወቀ ቤት ነበርን ማለት ነው።

ልጅነቴ ጠጅ ቤት ነው ያለፈው። አባቴ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ እኔ ከአግዳሚው ሥር እቀመጣለሁ። ሰዉ ሞቅ ሲለው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ ብሩን በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አባቴ እጁ ስለተያዘ ብሩ ሲወድቅ ለቅሜ ኪሴ የምከት እኔ ነኝ። አንዳንዱ «ና አንተ ትንሹ» ይለኝና ከብርሌው ያስጎነጨኛል። አባቴ ያያል፣ ግን ዘፈኑን አያቋርጥም። ቢያቋርጥ ሰውየው ይቀየመዋል፣ ከተቀየመው እራት የለም። ያ ሰዓት እስካሁን ያንገበግበኛል፣ አባቴን ግን አልወቅስም።

ሰላድንጋይ የጻፈውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የአሜሪካኑ ልጅ ቢያንስ ይከበራል። እኛ ጋ ያው ማታ ያጨበጨበልህ ሰው ጠዋት «የአዝማሪ ልጅ» ብሎ ይሰድብሃል። ልጅ አገር የሚወደውንና አገር የሚንቀውን አንድ ላይ ተሸክሞ ነው የሚያድገው። ያንቺ ልጅም «ዝፈንልን» የሚሉት ልጆች መልሰው ይስቁበታል፣ እርግጠኛ ነኝ። ጠይቂው።

ላሊበላዎችን ታውቂያቸው የለ? ዶሮ ሳይጮህ በየደጁ የሚያዜሙትን። ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል የሚል ከአያት ቅድመ አያት የመጣ እምነት ስላላቸው ልጆቻቸውንም ያወጣሉ። በዚያ ብርድ ከእናቱ ጎን ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ሰላ ድንጋይም ደብረ ብርሃንም አይቻለሁ። ልጁ ድምፁ ያምራል፣ ግን ማን ጠየቀው? ማይክል ጃክሰንም እ.ኤ.አ. በ1993 ለቴሌቪዥን ጠያቂዋ ለኦፕራ ዊንፍሬይ የነገራት ይሄንኑ ነው። አባቱ ይመታው እንደነበረ፣ ከስቱዲዮው ማዶ ልጆች ሲጫወቱ እያየ ወደ ሥራ ይገባ እንደነበረ። እሱ የተወለደባት ጌሪ ከተማና መርሐቤቴ የት ለየት? ስሰማው ግን አለቀስኩ።

እኔን ያተረፈኝ አጎቴ ነው። መንዝ ወሰደኝ። በግ ጠበቅኩ፣ ገብስ አጨድኩ። እዚያ ማንም ዝፈን አላለኝም፣ የማን ልጅ ነህም አላለኝም። አጥሩ ሲፈርስ ግን «አንተ ሰነፍ፣ በጉ ወጣብህ» ብለው ተቆጥተውኛል። ሊገባሽ ይችል እንደሆነ እንጃ፣ ያ ቁጣ ደስ ይለኝ ነበር። የተቆጡት እኔን ነዋ። ማሲንቆውን መልሼ ያነሳሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ በራሴ ፍላጎት፣ ለራሴ።

ምክሬ ይሄ ነው። እምቢታውን አንቺ ውሰጂው። ልጁን «ትሄዳለህ አትሄድም» እያልሽ አታስጨንቂው፣ 15 ዓመት ልጅ አባቱን እምቢ በል ማለት ከባድ ሸክም ነው። ለደወሉት ሰዎች «እኔ አሳዳጊው ነኝ፣ ለዘንድሮ አልፈቀድኩም» በይ። ልጁም ጓደኞቹ ሲጠይቁት «አክስቴ ናት የከለከለችኝ» ይበልና ይገላገል። ይቆጣሽ ይሆናል፣ ይቆጣ። መድረኩ የትም አይሄድም። በ20 ዓመቱ ከፈለገ ሄዶ ይዘፍናል።

ደግሞ ዘፈን አትከልክይው። አባቱን ስትጠይ ድምፁንም የጠላሽበት ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ከሰማሽው ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ። አታድንቂው፣ አትቅረጪው፣ ለእናቱም በስልክ አታሰሚ።

ነርስ ከሸዋ ሮቢት፦

እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ አረቄውና እንቅልፉ ነው።

ቀኑን ሙሉ የሚተኛው ሌሊት ስለማይተኛ ነው ወይስ ሌሊትም ይተኛል? ምግብ ይበላል? ድሮ የሚወደውን ነገር፣ ኳስም ይሁን ሌላ፣ ትቷል? አንዳንዴ ደግሞ እንቅልፍ ሳይተኛ ለቀናት በጣም ደስ ብሎት፣ ብዙ እያወራ ያድራል? ይሄንን ለሳምንት ያህል ተከታተዪና ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ለሚያክመው ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ከዚያ በአባቱም በእናቱም ወገን የከበደ ጭንቀት፣ ራስን መሳት ወይም የመጠጥ ችግር የነበረበት ሰው እንዳለ አጣሪ። ሰዉ «የዘፋኝ ልጅ ስለሆነ ቀብጦ ነው» ሲል፣ ዘመዱም «አባቱን ስለናፈቀ ነው» ሲል፣ አንዳንዴ ሕመሙ መሃል ላይ ተረስቶ ይቀራል።

ኬሪ ፊሸርን ላንሳልሽ። እናቷ ዴቢ ሬይኖልድስ ተዋናይት፣ አባቷ ኤዲ ፊሸር ዘፋኝ። አባትየው ሌላ ታዋቂ ተዋናይት ወዶ ቤቱን ሲተው ልጅቷ ገና ሕፃን ነበረች፣ ጋዜጣው ሁሉ ያንን ነበር የሚያወራው። ስታድግ ዕፅ ውስጥ ገባች። በኋላ ሐኪሞች ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም እንዳለባት ነገሯት። ይሄ ሕመም በዘር የመምጣት ዝንባሌ አለው፣ መድኃኒትም አለው። እሷ አልደበቀችውም፣ በአደባባይ እየተናገረች ብዙ ሰው እንዲታከም አደፋፈረች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በ60 ዓመቷ አረፈች፣ እናቷም በማግስቱ ተከተለቻት። ልጁ ባይፖላር አለበት ማለቴ አይደለም፣ ሳላየው ምንም አልልም። የቤተሰቡ ወሬ ስለበዛ ብቻ ምርመራው አይቅር ነው የምለው።

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ሞት አውርቶ ያውቃል? «ባልኖር ይሻላል» ዓይነት? ካላወራም አንቺው በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ብዙ ልጆች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። አማኑኤል ካልሄድን ብለሽ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለብሽም፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ጸበሉንም ቀጥይ፣ መድኃኒት ከጀመረ ግን ለጸበል ብለሽ አታስቁሚው፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

አረቄ የሚሸጡለትን ሴትዮ ደግሞ ፈልጊያቸውና በትሕትና አነጋግሪያቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፣ «ይሄ ልጅ ታሟል፣ አይሽጡለት» ስትያቸው ይሰሙሻል።

የጠባሴዋ አክስት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት የደወለውን ሰውዬ አልፈቀድኩም አልኩት። ጮኸብኝ፣ «የልጁን ዕድል ቀበርሽው» አለኝ። አባቱ ራሱ ይደውል፣ ከዚያ ይምጣ አልኩና ዘጋሁት። ልብሱንም አጣጥፌ መልሼ ለመላክ አዘጋጅቻለሁ።

ለልጁ ማታ ነገርኩት። መጀመሪያ በሩን ደርግሞ ወጣ። ተመልሶ መጣና «አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው?» አለኝ። አዎ እኔ ነኝ አልኩት። «እሺ» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። ነርሷ፣ ያልሽኝን ጠይቄዋለሁ። የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም። ነገ ጠዋት ሪፈራል እንሄዳለን፣ ከሥራ አስፈቅጃለሁ።

የሚኒ ሚዲያውን ነገር ግን ምን ላድርግ? ለክፍል ኃላፊው ነግሬው ነበር፣ «እሱን ማክበራችን ነው» አለኝ።

የባለማሲንቆው ልጅ፦

ጎበዝ እታለም። ለክፍል ኃላፊው ሳይሆን ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ፣ በወረቀት ጽፈሽ። ልጁን ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ቢሮ አስቁመው «አንተ ነህ የተከፋኸው?» ቢሉት አይደለሁም ነው የሚለው። ስም ጥሪውንም አብረሽ አንሺ። ክፍሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሌላ ልጅ ከሌለ በራሱ ስም ብቻ ቢጠሩት ምንም አይጎድልባቸውም።

ለክረምት ደግሞ፣ ሐኪሞቹ ይሂድ ካሉና እሱም ደስ ካለው፣ የአጎቴ ልጆች መንዝ አሁንም በግ ያረባሉ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ።

ነርስ ከሸዋ ሮቢት፦

ነገ ስትሄጂ ሌሊት የሚተኛበትንና የሚነሳበትን የጻፍሽበትን ወረቀት ያዢ፣ ጥቂት ቀን ብቻ ቢሆንም ይጠቅማል። ሐኪሙ ጋ ለብቻው እንዲገባ ተይው፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ። ሲወጣ ምን አልክ ብለሽ አትጠይቂው።